የዕድር መዝገብ ላይ ፊደል ቀየርኩ፤ አሁን ዳኛ ሁን እያሉኝ ነው

የሐይቅ ዳር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ሞባይል እጠግናለሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ አደረጉኝ። ችሎታዬን አይተው አይደለም። የቀድሞው ጸሐፊ ዓይናቸው ደከመ፤ የኔ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ይነበባል ተባለ። በቃ። ሥራው ቀላል ነው። ቀብር ላይ ስም እጠራለሁ፤ ብጫቂ ወረቀት ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የተገኘ «ተ»፣ የቀረ «ቀ»፣ አስፈቅዶ የቀረ «ፈ»። በኋላ ቤቴ ሆኜ ወደ ትልቁ መዝገብ እገለብጣለሁ። ቀብር የቀረ 100 ብር ይቀጣል። ያስፈቀደ አይቀጣም።

ባለፈው ወር ለወጣቶች የተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ተጠራሁ። ራስን ስለማወቅ፣ ስለ እሴትና ስለ መሪነት ነው። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለአበሉ ነው። አሠልጣኟ ግን ጎበዝ ነበረች። መጀመሪያው ቀን ቢጫ ወረቀት አደለችንና «የማትደራደሩባቸውን አምስት እሴቶች ጻፉ» አለች። እኔ አንደኛ ላይ «ታማኝነት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛ «ፍትሐዊነት»። የቀሩትን ሦስቱን አሁን አላስታውሳቸውም። ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ከፊቱ ቆመን ፎቶ ተነሣን፤ ምሳ በላን።

የዚያኑ ዕለት ማታ መዝገቡን አወጣሁ። ሥራ በዝቶብኝ የሦስት ቀብር ምልክት ሳልገለብጥ አከማችቼ ነበር። አብሮ አደግ ጓደኛዬ፣ ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ሦስቱንም ቀርቷል። 300 ብር ማለት ነው። ብጫቂው ላይ ሦስት «ቀ» አለ። መዝገቡ ላይ ሦስት «ፈ» ጻፍኩ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሻይዬን ፉት እያልኩ ነው የጻፍኩት።

በወሩ መጨረሻ መዋጮ ስንሰበስብ ነው ነገሩ የመጣው። መንገድ ዳር ጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ጉልበታቸውን አሟቸው አንድ ቀብር ቀርተዋል። አላስፈቀዱም። ስማቸውን አነበብኩና «መዋጮ 100፣ ቅጣት 100» አልኳቸው። ምንም አላሉም። የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። ቋጠሮው ስለጠበቀ በጥርሳቸው ነው የፈቱት። አሥር አሥር ብር እየቆጠሩ ሰጡኝ። ሁለቱ ብሮች እርጥብ ነበሩ፤ ጎመኑ ላይ ውኃ ሲረጩ ነክቷቸው ይሆናል። እኔም ቆጥሬ ተቀበልኩ። ደረሰኝ ቆረጥኩ። አጠገቤ የጓደኛዬ ገጽ ተከፍቶ ነበር።

አሁን ዳኛችን ጋሼ ደክሟቸዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ እኔን ሊያጩኝ ነው። «የተማረ፣ ታማኝ ልጅ» እያሉ በየቤቱ ይናገሩልኛል። እናቴ ከአሁኑ ደስ ብሏታል።

ሰው እሴቱን እንዴት ነው የሚያውቀው? ቢጫው ወረቀት ላይ የጻፍኩት ውሸት አልነበረም፤ ስጽፈው አምኜበት ነው። ታዲያ ማታ ሻይ እየጠጣ የጻፈው ማን ነው? ደግሞስ ዳኝነቱን ልቀበልና ከዚህ በኋላ ቀጥ ልበል? ወይስ ልናገር? ከተናገርኩ የጓደኛዬ ስም አብሮ ይነሣል። እሱን ማሳጣት አልፈልግም።

ቀዝቃዛ ውኃ

ወንድሜ፣ 300 ብር እኮ ነው። ሰው ስንቱን ጠቅልሎ በልቶ በሰላም ይተኛል። ከኪስህ ክፈልና ተገላገል። ከራስ በላይ ነፋስ።

የሐይቅ ዳር ጸሐፊ

እሱን አስቤው ነበር። ግን በማን ስም ደረሰኝ ልቁረጥ? መዝገቡ «አስፈቅዷል» ይላል። ላልተቀጣ ሰው ቅጣት ስከፍል ሁለተኛ ውሸት ልጽፍ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥያቄህ ከእንቅልፍ ቀሰቀሰኝ። ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ለ19 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ ሐዋሳ። በእኔ ጊዜ ትምህርቱ 11 እሴቶች ነበሩት። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ፣ ንቁ የኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚመላለሱት እነዚሁ ናቸው። ልጆቹ እንደ ዳዊት ይደግሟቸው ነበር።

አንድ ዓመት ፈተና ሳርም ሁለት ተማሪዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ጽፈው አገኘሁ። የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ነው። መልሱ እንዴት እንደሚጀምር ልንገርህ? «ኃላፊነት ማለት የሚያየን ሰው ባይኖር እንኳን...» ይላል። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኛ።

ስለ ራሴ ልንገርህ። «የምትወደው እሴት ምንድን ነው?» ብትለኝ «ሥርዓት» እል ነበር። ክፍል ስገባ ሁሉም ብድግ ማለት አለበት። አንድ ቀን ጥግ ላይ የምትቀመጥ ልጅ አልተነሣችም። ከክፍል አስወጣኋት። ስትወጣ እግሯን ትጎትታለች። የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ በጣቶቿ ቆንጥጣ ይዛው ነበር። ብትነሣ ይወልቃል፤ ልጆቹ ይስቁባታል። አልጠየቅኳት። ሥርዓት የምወድ ቢሆን ኖሮ «ምን ሆንሽ?» እል ነበር። የምወደው መከበርን ነበር። ሥርዓት የሚለውን ቃል አልብሼው ነው የኖርኩት። ይህን ያወቅኩት በ14ኛው የማስተማር ዓመቴ ነው፤ መጽሐፍ ላይም አይደለም፣ ከአንዲት ልጅ እግር ላይ ነው።

ማታ ሻይ እየጠጣ የጻፈው ማን ነው ላልከው፣ እሱ ሌባ አይደለም። ይሉኝታ ይባላል። ቃሉን ፍታው፤ «እንዲህ ይሉኛል» ማለት ነው። እኔ ይሉኝታን አልጠላም። ይሉኝታ የሌለው ሰው ለጎረቤትም አይመችም። ግን አንድ ችግር አለበት። የሚሠራው ቃሉን ለምትፈራው ሰው ብቻ ነው። ጓደኛህ «ጨከነብኝ» ይልሃል ብለህ ሰጋህ። ጉልት የሚሸጡት እናት ግን ምንም አይሉህም። ስለዚህ እሳቸው ላይ ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሠራ። አየኸው? ቢጫ ወረቀት አያስፈልግህም። እሴትህን ማየት ከፈለግህ መዝገብህን ክፈትና በማን ላይ እንደጠነከርክ፣ ለማን እንደላላህ ተመልከት። እኔ የክፍሌን የውጤት መዝገብ ወደ ኋላ ገልጬ አይቼዋለሁ። ደስ የሚል ንባብ አልነበረም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። የየራሳቸውን ዕድር መዝገብ ግን ከፍቶ ያየ አንድም አልነበረም። እኔም አላየሁም፤ አልዋሽህም።

ሁለተኛ መስታወት

ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ መናኸሪያ አካባቢ ነው ቤቴ። እንደ መምህር አልናገርም፤ ያየሁትን ነው።

ቆርጬ ስጨርስ ትንሿን መስታወት ከኋላ እይዛለሁ። ግማሹ ሰው ይደነግጣል። «ይሄን ያህል ሳስቷል እንዴ?» ይላል። አንዱማ «መስታወትህ ተበላሽቷል» ብሎኛል። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ሲባል ተረት ይመስላችኋል? እኔ በየቀኑ ነው የማየው።

የሳይኮሎጂ ተማሪ የሆነ ደንበኛ አለኝ። ወረፋ ሲጠብቅ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አራት ክፍል ያለው ሳጥን ሣለልኝ። የጆሃሪ መስኮት ይባላል አለኝ። ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1955 እ.ኤ.አ. ነው ያወጡት። ጆ እና ሃሪ ሲገጣጠሙ ጆሃሪ ሆነ፤ እኔ ደግሞ የሕንድ ስም መስሎኝ ነበር። አንዱ ክፍል አንተም ሰውም የምታውቁት ነው። አንዱ አንተ አውቀህ የምትደብቀው። አንዱ ሰው የሚያይብህ፣ አንተ ግን የማታየው። አራተኛውን ማንም አያውቀውም። ሦስተኛውን ሲነግረኝ ትንሿን መስታወት አነሣሁና «ይቺ ናታ» አልኩት።

ከዚያ ሞከርኩት። ሦስት የቆዩ ደንበኞቼን «ምን ጉድለት አለብኝ?» ብዬ ጠየቅኩ። ምላጭ በእጄ ይዤ መጠየቄ ልክ አልነበረም። ሁለቱ «ምንም የለብህም» አሉ። ሦስተኛው ምላጩን እስካስቀምጥ ጠብቆ «እዚህ ስቀመጥ የሌላ ሰው ወሬ እሰማለሁ። የኔን ለማን ትነግራለህ?» አለኝ። እኔ ራሴን ምሥጢር ጠባቂ ነው የምለው! ሁለት ቀን ዝም ብዬ ቆረጥኩ። ደንበኞቹ «አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። አሁን መሃል ላይ ነኝ፤ ስለ ኳስ ብቻ ነው የማወራው።

ወንድሜ፣ የአንተ «ፈ» የተደበቀው ክፍል ውስጥ ናት። እሷን አውቀሃታል። የማታየው ሌላ ነገር ይኖራል። ጓደኛህን አነጋግረኸዋል? ከጻፍከው ሁሉ የሱ ድምፅ የለበትም።

የዳሌ ልጅ

እኔ ሲዳማ ነኝ። ዳሌ ገጠር ነው ያደግኩት። አሁን ሐዋሳ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የ28 ሴቶች ሱፐርቫይዘር ነኝ።

በእኛ ዘንድ «አፊኒ» የሚባል ነገር አለ። ሽማግሌዎች ሶንጎ፣ ሸንጎ እንደማለት ነው፣ ሲቀመጡ ጉዳዩን የሚያቀርበው ሰው «አፊኒ?» ይላል። «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ጥያቄው ለወግ አይደለም። ያልሰማ ካለ ነገሩ እንደገና ይነገራል፤ ሳይደማመጡ ውሳኔ የለም። ልጅ ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር። አባቴ ለአንዲት ጥጃ ጉዳይ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመጣል። አሁን 28 ሰው ስመራ ነው የገባኝ።

«ሀላሌ» ደግሞ አለ። እውነት ማለት ነው። ግን ወረቀት ላይ የሚለጠፍ ቃል አይደለም፤ የሚኬድበት መንገድ ነው። በፊቼ ጨምበላላ፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው የዘመን መለወጫችን ማለቴ ነው፣ ሽማግሌዎች ሲመክሩ ሥራ ውደዱ፣ ዛፍ አትቁረጡ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ ይላሉ። እኔ በሐሰት መመስከር ሲባል ፍርድ ቤት ነበር የሚታየኝ። የዕድር «ፈ» ም ምስክርነት ናት፤ ያንተን ጽሑፍ ሳነብ ነው የመጣልኝ።

የኔን ልንገርህ። የአክስቴ ልጅ እኔ መስመር ላይ ትሠራለች። አንድ ጠዋት አሥር ደቂቃ አርፍዳ ገባች። ጎንበስ ብዬ ክር የምፈልግ መሰልኩ። ማንም ያየ አልመሰለኝም። 27ቱም አይተዋል። አንዲትም አልተናገረችኝ። በማግስቱ ሦስቱ አምስት ደቂቃ አረፈዱ። በሳምንቱ ግማሹ። ብቆጣ ሁሉም ወደ አክስቴ ልጅ ይመለከታሉ፤ በአፋቸው ግን ምንም አይሉም። ያንን ዝምታ አልረሳውም። በመጨረሻ ጠዋት ማሽን ከመነሣቱ በፊት ሰበሰብኳቸውና «ባለፈው አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ» አልኩ። ፊቴ እሳት ሆነ። አንዷ ብቻ «እናውቃለን» አለች። ሥራ ጀመርን። ማርፈዱ በአንድ ቀን አልቆመም፤ ግን ስቆጣ የሚሰሙኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ተናገር ባይ ነኝ። የጓደኛህን ስም ግን መጥራት የለብህም። ያጠፋው ብዕሩ ነው፤ ባጃጁ አይደለም። ከጉባኤው በፊት ግን ሦስት ሰው መስማት አለበት፤ እኚያ እናት፣ ጋሼና ጓደኛህ። እነሱ ከአደባባይ ከሰሙት አፊኒ አልሆነም።

ሦስት ጎማ

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። እዚህ ሁላችሁም ስለ ጸሐፊው ታወራላችሁ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው ባጃጅ ነጂውን ያስታወሰው።

ቀብር 9 ሰዓት ነው። በሥራ ቀን። ለባለንብረቱ በየቀኑ ገቢ አገባለሁ፤ ሠራሁም አልሠራሁም። ቤንዚን ሲጠፋ ሌሊት 10 ሰዓት ነው ሰልፍ የምይዘው። ከተራ ወጥቼ ቀብር ደርሼ ስመለስ ቀኑ አለቀ። 100 ብር ተቀጥቼ ብሠራ ይሻለኛል። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናደርገው። ሰው ደግሞ «ማኅበራዊ ኑሮ የማያውቅ» ይለናል።

ማታ ግን ማን ነው ያለው? ድንኳኑን ከዕድር ቤት የሚያወጣው ማን ነው? ወንበር በባጃጅ ሦስት ዙር አመላልሻለሁ፤ በነፃ። ለቅሶ ቤት ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ይሄ በየትኛው ፊደል ነው የሚጻፈው? «ተ» ነው? «ቀ» ነው? ለዚህ ፊደል የላችሁም። ደንቡ ሲጻፍ እንደኛ ያለ ሰው ስብሰባው ላይ አልነበረም።

ጓደኛህ አሳዝኖህ ከሆነ ጥሩ። ግን በድብቅ ማዘንህ እኔን አይጠቅመኝም። እኔ እዚያ ዕድር ብሆን ጸሐፊ ጓደኛ የለኝም፤ እቀጣለሁ። ጉልት የሚሸጡት እናትም እንደዚያው። ማዘን ካለብህ ጉባኤ ላይ እጅህን አውጥተህ እዘን። ደንቡ ይቀየር በል። ያኔ ለሁላችንም አዘንክ።

ደግሞ ዳኝነቱን አትሽሽ። ሁልጊዜ የሚያፍር ሰው ሲሸሽ የማያፍረው ነው ወንበሩን የሚይዘው።

ቀዝቃዛ ውኃ

ይሄኛው ገባኝ። «ከኪስህ ክፈል» ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ጡረተኛው መምህር

10ኛው ምዕራፍ ንቁ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነበር። ሰፈር ማጽዳትና ችግኝ መትከልን በምሳሌነት እያነሣሁ አስተምሬዋለሁ። ሦስት ጎማ፣ ያኔ አንተን ባገኝህ ኖሮ ክፍል ውስጥ እጋብዝህ ነበር።

ሦስት ጎማ

መምህር፣ ምን አልባት ተማሪዎ ነበርኩ። ከ10ኛ ነው ያቋረጥኩት። ተነሡ ሲባል ግን እነሣ ነበር 😂

የሐይቅ ዳር ጸሐፊ

ጉባኤው ትናንት ነበር። ቃል የገባሁላችሁ ባይኖርም ልንገራችሁ።

ጓደኛዬን አሞራ ገደል ወሰድኩት፤ ዓሣ ሾርባ ልጋብዝህ ብዬ። ጠዋት ነው። ጀልባዎቹ እየገቡ ነው፤ ሴቶቹ አምባዛ እያገላበጡ ይከራከራሉ፤ አባ ኮዳዎቹ በሰዎቹ እግር ሥር ይርመሰመሳሉ። ሾርባው እስኪያልቅ መታገሥ አቃተኝና ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «መቼ ለመንኩህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። አልለመነኝም። አንድ ቀንም ስለ ቅጣቱ አንሥቶ አያውቅም። ተነሥቶ ወደ ባጃጁ ሄደ። የሄደ መስሎኝ ነበር። ከጣሪያው ሥር ከሸጎጠበት የታጠፈ ብር ይዞ መጣ። 300 ብር። ለወሩ መጨረሻ አስቀምጦት፣ ገንዘብ ያዡ «አንተ ዕዳ የለብህም» ሲለው ተሳስተው ነው ብሎ እየጠበቀ ነበር። «አንተ እኔን ለማኝ አድርገህ ጻፍከኝ» አለኝ። ሾርባውን ሳይጨርስ ሄደ። ሁለት ቀን ስልኬን አላነሣም። ሁለተኛ መስታወት፣ የማላየው ነገር ያልከኝ ይሄ ነው። ይሉኝታው እንኳ የሱ አልነበረም። እኔው ሠርቼ እኔው የፈራሁት ነው።

ጋሼ ብዙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ብዙ ዝም አሉና «ሰርዘኸዋል?» አሉኝ። ገጹን ቀድጄ አዲስ ልጽፍ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። «ስህተት እየታየ ነው የሚሰረዝ! አንድ መስመር ታሰምርበታለህ፤ ከጎኑ ትጽፋለህ፤ ትፈርማለህ!» አሉኝ። አብረን ተቀምጠን ሦስቱን «ፈ» ሰረዝን። እሳቸውም ፈረሙ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

ጉባኤው ላይ ከምርጫው በፊት ተነሥቼ ተናገርኩ። ስም አልጠራሁም። እሱ ግን ከኋላ ቆሞ «እኔ ነኝ፤ ከፍያለሁ» አለ። አንዳንዱ አጨበጨበ። እኔ ጭብጨባው አልተመቸኝም። አንድ አዛውንት ናቸው ትክክለኛውን ነገር የተናገሩት። «ሌላስ ስንት አለ?» አሉ። ሌላ የለም ብል ማን ያምነኛል? የሁለት ዓመቱን መዝገብ ከብጫቂዎቹ ጋር የሚያመሳክሩ ሦስት ሰዎች ተመረጡ። ብጫቂዎቹን ደግሞ እጥላቸው ነበር። የተገኘው የሰባት ወር ብቻ ነው። የቀረውን እንግዲህ በቃሌ ነው የሚያምኑኝ፤ ወይም አያምኑኝም።

የዳኛ ምርጫው ለስድስት ወር ተላለፈ። ጋሼ እያጉረመረሙ ቀጠሉ። ከጸሐፊነቱ አላነሡኝም፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ይሆናል። አሁን ግን መዝገቡ የሚገለበጠው እዚያው ቀብር ላይ ነው፤ ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ እያየ። የሦስት ጎማን ነገርም አነሣሁ። ድንኳን የሚያመላልስ፣ ለቅሶ ቤት የሚያድር ይቆጠርለት አልኩ። ግማሹ ደገፈ። አንዱ «ቀብር በውክልና ሊሆን ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰዓት አለቀ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ደንቡን የሚያዩ አምስት ሰዎች ተሰየሙ፤ ከአምስቱ አንዱ ጓደኛዬ ነው። ሰላም ብሎኛል። ገና እንደ ድሮው አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሄድኩት ግን እኚያ እናት ጋ ነበር። መጨረሻ ላይ የምጽፈው ስለከበደኝ ነው። ጎመን እያሠሩ አገኘኋቸው። ድንጋይ ስቤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መቶ ብሩን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን አልዘረጉም። «እኔማ ቀርቻለሁ። የኔ ልክ ነው» አሉኝ። ብሩን ይዤ ቀረሁ፤ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከዚያ «መዝገቡን ይዘኸዋል?» አሉ። ይዤው ነበር። ማንበብ አይችሉም። ገጻቸውን ገለጥኩላቸው። ስማቸውን በጣቴ አሳየኋቸው፤ ከዚያ መስመሩን ተከትዬ እስከ «ቀ» ድረስ ወሰድኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይቺ ናት መቶ ብሬን የበላችኝ?»

«አዎ እማማ።»

«ኧረ ትንሽ ናት» አሉ። ጎመኑን ማሠር ቀጠሉ።